ወንዙ ያመጣው፣ አፈሩ የፈቀደው

እንጦጦ ጫፍ ላይ የሚወርድ የክረምት ዝናብ መንገዱ ሁለት ነው። በደቡቡ ገጽ የወረደው አዲስ አበባን አቋርጦ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባና ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። በሰሜኑ ገጽ የወረደው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ተኝቶ ይከርምና በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። በስተምዕራብ ቡራዩ የትንሹ አቃቂን መነሻና የገፈርሳን የውኃ ማጠራቀሚያ ታቅፋ ትገኛለች። ሰበታ ደግሞ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ሆና ጅረቶቿን ወደ ላይኛው አዋሽ ትሰዳለች። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል፤ ውኃቸውና አፈራቸው ግን ለየቅል ነው።

ይህ ልዩነት ለአንድ የቆየ ጥያቄ ጥሩ መፈተሻ ያደርጋቸዋል። የወንዝ ዳር ተክል እንዲያድግ ወይም እንዲቀጭጭ የሚያደርገው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ውኃው ይዞት የሚመጣው ምግብ ነው ብሎ ያስባል፤ ለም ደለል የደረሰው ዳርቻ ይለመልማል፣ ያልደረሰው ይነጣል። መልሱ ከእውነቱ ግማሹን ይይዛል። ቀሪው ግማሽ ያለው ዳርቻው ራሱ በቆመበት አፈር ውስጥ ነው። አፈሩ ውኃ ሲተኛበት ምን ይሆናል? የመጣለትን ምግብ ይለቃል ወይስ ቆልፎ ይይዛል? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ የወንዙን ውኃ በብልቃጥ ቀድቶ ላቦራቶሪ መውሰድ ብቻውን ስለ ተክሉ ብዙ አይነግርም።

ተክል ከአፈር የሚፈልጋቸው ማዕድናት ከአሥር በላይ ናቸው፤ እድገቱን የሚወስነው ግን ከሚያስፈልገው አንጻር ከሁሉም አንሶ የተገኘው ነው። ይህን ካርል ስፕሬንግል የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1828 ጻፈው፤ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840 ለዓለም አስተዋወቀው። በወንዝ ዳር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጥሩት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ናቸው። የሚፈለገው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚሊግራም አንድ አሥረኛ የማይሞላ ፎስፈረስ የጅረትን ድንጋይ አልጌ ለማልበስ ይበቃል። የሁለቱ ጠባይ ግን አይገናኝም። ናይትሮጅን በናይትሬት መልክ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ እንደ ልቡ ይሄዳል። ፎስፈረስ አፈር ላይ ተለጥፎ ይቀመጥና አፈሩ ሲሸረሸር አብሮ ይጓዛል።

ከሱሉልታ መጀመር ይሻላል፤ ነገሩ እዚያ ከሁሉም ጎልቶ ይታያልና። ሜዳው ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን የሚሆነው በደጋው ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ውኃው ወደ ታች መስረግ ያቅተዋል፤ ሜዳው ጨፌ ይሆናል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የነበረውን አየር ውኃ ያስወጣዋል፤ ሥር ኦክሲጅን ያጣል። በዚህ ጊዜ መቋቋም የሚችለው ከቅጠሉ እስከ ሥሩ ድረስ የራሱ የአየር ቧንቧ ያለው ተክል ነው። ቄጤማና ፊላ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ግንዳቸው ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ሜዳው ላይ ዛፍ የጠፋው ሰው ስለቆረጠው ወይም ከብት ስለጋጠው ብቻ አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ሥሩ ታፍኖ የሚቆይ ችግኝ ለመስከረም አይደርስም።

አየር የሌለው አፈር ሌላም መዘዝ አለው። ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን ሲያጡ በምትኩ ናይትሬትን ይጠቀማሉ፤ ናይትሬቱም ወደ ናይትሮጅን ጋዝነት ተለውጦ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ጨፌ የሚሆን ዋልካ ናይትሮጅኑን በየክረምቱ ያጣል። የራሱን ናይትሮጅን ይዞ የሚመጣ ተክል ካለ ያ ተክል ይነግሣል፤ አለም። ማጌጥ ይባላል። የኢትዮጵያ ደጋ ሃያ ስምንት ያህል የማጌጥ ዝርያዎች መገኛ ነው፤ ጥቂት የማይባሉት በሌላ አገር አይበቅሉም። ሥራቸው ላይ በሚያቆጠቁጡት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይመግቡታል። መስከረም ላይ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን፣ ከሥሩ ወይንጠጅና ሮዝ ሆኖ የሚታየው እርሱ ነው።

ማጌጥ ግን ያለ ፎስፈረስ አቅም የለውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ማለትም ኢልካ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በደጋው ዋልካ ላይ ያካሄዳቸው ሙከራዎች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። ፎስፈረስ ያገኘ ማጌጥ ካላገኘው በእጅጉ በልጦ አደገ፤ ናይትሮጅንም አብዝቶ ያዘ። አንድ ንጥረ ነገር ሲሟላ ሌላው በራሱ ጊዜ ተከትሎ ይመጣል ማለት ነው። የሊቢግን ሕግ በአገር በቀል ተክል ላይ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ የሱሉልታ ሜዳ ፎስፈረሱ የት ይሄዳል? ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሣሩ ይታጨድና ድርቆሽ ሆኖ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ የወተት ላሞች ይሄዳል። የቀረውን ሣር የጋጠው ከብት እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል ወይም ይሸጣል። ወተቱም ይሸጣል። ወደ መሬቱ የሚመለሰው ጥቂት ነው። በመንገዱ ላይ የሚሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ከዓባይ ተፋሰስ በሣር ተመስሎ የወጣ ፎስፈረስ እንጦጦን በመኪና ተሻግሮ የከተማ በረት ይደርሳል፤ ከበረቱ የሚታጠበው እበትና ሽንት ቦይ ካገኘ ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ ከአቃቂ አዋሽ። ውኃ ሊሻገረው የማይችለውን ሸንተረር ንጥረ ምግቡ በየዓመቱ ይሻገረዋል። በሰሜን በኩል ያለው የጅረት ዳር ሣር ሲሳሳ፣ በደቡብ ያለው ከልክ በላይ ሲጠግብ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ይህ የድርቆሽ መንገድ ነው። ስለ ወንዝ ብክለት በሚደረግ ክርክር ውስጥ ይህ ጉዳይ እምብዛም አለመነሣቱ ያሳዝናል።

የደጋው ገበሬ ይህን የመሬቱን ረሃብ ከጥንት ያውቀዋል። በሰሜን ሸዋ ከፍታ ቦታዎች ጓይ የሚባለው ዘዴ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ የተገለበጠው አፈር ተከምሮ ከውስጥ ቀስ እያለ እንዲቃጠል ይደረጋል፤ በብስባሹ ውስጥ የታሰረው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ይለቀቅና ገብሱ አንድ ሁለት ዓመት ያምራል። ከዚያ መሬቱ ለረጅም ዓመታት ጦም ያድራል።

ቡራዩ ላይ አፈሩ ይቀየራል። ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው ቀይ አፈር ውኃ አያስተኛም፤ ያሰርጋል። ሥር ይተነፍሳል፣ ዛፍ ይቆማል። ችግሩ በቀለሙ ውስጥ ነው። አፈሩን ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ከአሉሚኒየም ጋር ሆኖ ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል፤ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ደግሞ ቁልፉ ይጠብቃል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት እንደተጠቃ ይገመታል፤ ከቡራዩ ብዙም የማይርቀው የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ኖራ በመጨመር ይህን ለማላላት ለዓመታት ሠርቷል። እንዲህ ባለ ዳርቻ ላይ ወንዙ ፎስፈረስ ቢያመጣም ተክሉ ቶሎ አያገኘውም። ምግቡ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ሥሩ ግን ሊያወጣው አይችልም።

ያ ፎስፈረስ እዚያው አይቀርም። ቁልቁለቱ ለቤት ሲቆረጥ፣ ድንጋይ ሲፈለጥ፣ መንገድ ሲጠረግ ቀዩ አፈር በሰኔ ጎርፍ ይወርዳል፤ ፎስፈረሱም ተሳፍሮ ይወርዳል። ጭቃው በረጋ ውኃ ውስጥ ሲሰጥም ኦክሲጅን ወደሌለበት ወለል ይደርሳል። እዚያ ብረቱ ኬሚካዊ ጠባዩን ይቀይርና አጥብቆ የያዘውን ይለቃል። ኮረብታው ላይ ተክሉን ያስራበው አፈር ግድብ ወይም ኩሬ ዳር ሲደርስ መጋቢ ይሆናል። ከላይ ጥርት ያለ ውኃ፣ ከዳር ጥቅጥቅ ያለ ፊላና ቄጤማ አብረው ሲታዩ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ተክሉ የሚመገበው ከጭቃው ነው። በውኃው ናሙና ብቻ የሚፈርድ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ባሕር ዛፍን ሳያነሡ ቡራዩንም ሆነ እንጦጦን ማለፍ አይቻልም። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ እነዚህን ተዳፋቶች ሸፍኗል። ጅረት ዳር ሲተከል ውኃውን መሻማቱ በሰፊው ይታወቃል፤ ሲቆረጥ ከግንዱ፣ ከቅርንጫፉና ለማገዶ ከሚጠረገው ቅጠል ጋር ንጥረ ምግብ ይዞ መሄዱ ግን ብዙም አይወራም። ቅጠሉ እንኳ ተጠርጎ ከሄደ መሬቱ በምን ያገግማል?

ሰበታ ሁለት ገጽ አላት። ከላይ በወጨጫ ምዕራባዊ ጎን የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ጽድ እንዳስተከሉበት የሚነገርለት ጥንታዊ ደን ነው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው የጣሉትን ቅጠል አፈሩ ይበላዋል፤ ሥሩ መልሶ ይወስደዋል። ወደ ጅረቱ የሚያመልጠው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ የደን ምንጭ በንጥረ ምግብ ድሀ ነው፣ በጥላም የተሸፈነ ነው፤ ዳር ላይ የሚታየው ተክል በዝግታ የሚያድግ፣ ዓይነቱ ግን የበዛ ነው። ድህነቱ ለዝርያ ብዛት ይጠቅማል፤ ማንም ሌላውን ውጦ ማደግ አይችልምና።

ወደ ከተማው ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ሰው በሽንትና በዓይነ ምድር በዓመት ጥቂት ኪሎ ናይትሮጅንና ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ፎስፈረስ ያስወግዳል፤ በዚህ ላይ የላሙ በረት፣ የልብስ ማጠቢያው ውኃ፣ የቄራው ደምና የፋብሪካው ፍሳሽ ይጨመራል። በሦስቱም ከተሞች አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው የጉድጓድ መጸዳጃ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ሁሉንም ያቀጥነዋል። በጋ ላይ ግን ከላይ የሚመጣው ንጹሕ ውኃ ይሳሳና ጅረቱ ውስጥ የሚቀረው ፍሳሹ ይሆናል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የዳርቻው ተክል የሚጠጣው ይህን ነው።

ውጤቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ተክሎቹን ማወቅ ይበቃል። ሳማ፣ ቱልት፣ ጉሎ፣ ዕፀ ፋሪስና ሙጃ በፍግ የሰባ መሬት የሚወዱ ናቸው። ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ ከበረት ኋላ፣ ከቱቦ አፍ በታች በብዛት ሲወጡ አፈሩ ከሚያስፈልገው በላይ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እንዳገኘ ይመሰክራሉ። ፈጣኖቹ ብርሃኑን ይዘው ቀርፋፋውን ያጠፉታል። ስለዚህ በከተማ ጅረት ዳር ብዙ አረንጓዴና ጥቂት ዝርያ አብረው ይገኛሉ።

ከዓይን የተሰወረ ሌላ ጉዳይ ጨው ነው። ከጨርቃጨርቅና ከቆዳ ሥራ የሚወጣ ፍሳሽ ሶዲየም ይበዛበታል። ሶዲየም የሸክላ አፈርን ቅንጣቶች ይበታትናቸዋል፤ ዋልካ ላይ ሲሆን ቀዳዳው ሁሉ ይደፈንና አፈሩ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። እንዲህ በሆነ ዳርቻ ላይ ምግቡ በአቅራቢያ ሞልቶ ሥሩ መግቢያ ያጣል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ብቻ የለካ ጥናት ይህ ዳርቻ ለምን ራቁቱን እንደሆነ ሊያስረዳ አይችልም።

ልምላሜ ከጥንካሬ ጋር አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ደግሞ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የተደረገውን ሙከራ ቢያይ ይጠቅመዋል። ፕለም አይላንድ በተባለ የባሕር ዳር ረግረግ ተመራማሪዎች ለዘጠኝ ዓመታት በውኃው ላይ ንጥረ ምግብ ጨመሩ። ሣሩ ከላይ ረዘመ፤ ምግቡን በቀላሉ ስላገኘው ግን ሥር ለመስደድ አልደከመም። ከሥሩ ያለውን ብስባሽ ባክቴሪያ በፍጥነት በላው። በመጨረሻ የቦዮቹ ዳርቻ እየተሰነጠቀ ወደ ውኃው ተናደ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ረግረጉ የጨው ውኃ ነው፤ ከሰበታ ጋር በሁሉ ነገር አይመሳሰልም። አሠራሩ ግን የትም ያው ነው፦ የጠገበ ተክል ሥር አያበዛም፣ ዳርቻን የሚያስረው ደግሞ ሥር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ዳርቻቸው ለሚደረመስ የከተማ ጅረቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጊዜም ይወስናል። በአላስካ ኩፓሩክ ወንዝ ላይ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየበጋው ጥቂት ፎስፈረስ ይጨመር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልጌ ብቻ ፈላ፤ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሞላ ግን ድንጋዩን ሌላ ወፍራም አረንጓዴ ተክል ወረሰውና የወንዙ ወለል ጠቅላላ መልኩ ተለወጠ። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት መረጃ ላይ ተመሥርቶ ስለ ወንዝ መደምደም ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይህ ያሳያል፤ የእኛ አገር አብዛኛው ጥናት ደግሞ የአንድ ወይም የሁለት ወቅት የማስተርስ ሥራ ነው።

ከቡራዩና ከአዲስ አበባ የሚወርደውን የሚቀበሉት አቃቂና የአባ ሳሙኤል ግድብ ናቸው። ከቡራዩ የሚነሣው ትንሹ አቃቂ ከትልቁ ጋር የሚገናኘው በጣሊያን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በተሠራው በዚህ ግድብ ላይ ነው። ዛሬ ውኃው እምቦጭ ለብሷል። እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ1965 እ.ኤ.አ. በዚያው ተፋሰስ፣ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው፤ የሚንሳፈፍ ስለሆነ አፈር አይጠይቅም፣ ከውኃው ብቻ ይመገባል። እዚህ ላይ አፈር የሚይዘውም የሚመርጠውም ነገር የለም፤ ወንዙ ያመጣው ሁሉ በቀጥታ ተክል ይሆናል። አበበ በየነና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቀበናና አቃቂ ወንዞች ባሳተሙት ጥናት ደግሞ የውኃ ውስጥ ነፍሳት ጨርሰው በጠፉባቸው እጅግ የተበከሉ ቦታዎች ዲያተም የሚባሉት ደቃቅ አልጌዎች ገና በሕይወት ነበሩ፤ የብክለቱን ደረጃ ለመለየትም ያገለገሉት እነርሱ ናቸው።

በዚሁ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይበቅላል። ለአትክልተኛው ፍሳሹ ያለ ክፍያ የመጣ ማዳበሪያ ነው፤ ምርቱም እውነተኛ ነው፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ነገር ግን ከናይትሮጅኑ ጋር ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ይመጣሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፍስሐ ኢታና በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ በከተማዋ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ብረታ ብረት መከማቸቱን አሳይቷል። እዚህም አፈሩ ይወስናል፦ ሸክላ የበዛበትና አሲድ ያልበዛበት ዋልካ ብረቱን ይይዛል፤ አሲዳማ አፈር ይለቀውና ሥሩ ይወስደዋል። አንድ ዓይነት ውኃ ሁለት ማሳ ላይ ሁለት ዓይነት ቆስጣ ያበቅላል።

መፍትሔ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የዳርቻ ተክል ራሱ ማጣሪያ እንዲሆን ማድረግ ነው። ሐሳቡ መሠረት አለው። በሜሪላንድ፣ ሮድ ሪቨር በተባለ ተፋሰስ ላይ በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ ታዋቂ ጥናት ከእርሻ ወደ ጅረት ዳር ጫካ ከገባው ናይትሮጅን 89 በመቶው እዚያው እንደቀረ አግኝቷል። ይህ የሚሆነው ግን ውኃው በሥሩ መካከል፣ በእርጥብና በብስባሽ በበለጸገ አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሰርግ ነው። የሱሉልታ ጨፌ ይህን በተፈጥሮው ያደርገዋል፤ ተደፍኖ ቤት ሲሠራበት ናይትሬቱን የሚያስቀረው አብሮ ይጠፋል። ፍሳሹ በቱቦ ሲመጣ ደግሞ በተክሉ ሥር ሳይሆን በራሱ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ዳርቻው በግንብ ሲታሰርም እንዲሁ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ወንዞቹን ከጓሮነት አውጥቶ ፊት ለፊት ማምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በየዳርቻው የሚተከለው ሣርና አበባ ግን ከቱቦ የሚወርድ ፍሳሽን አያጣራም። ለዚያ በአዲስ አበባ ያለውን የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ የመሰለ ጣቢያ ወይም በሞጆ ቆዳ ፋብሪካ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሞከሩት ዓይነት፣ ፍሳሹ በሸምበቆና በፊላ ሥር እንዲያልፍ ታስቦ የተሠራ ረግረግ ያስፈልጋል።

የተከላም ጉዳይ አለ። በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ወንዝ ዳር ብዙ ችግኝ ይተከላል። ከመተከሉ በፊት አፈሩ ቢመረመር፣ ቢያንስ አሲዳማነቱ፣ ፎስፈረሱና ሶዲየሙ ቢታወቅ፣ ኪሳራው ብዙ በቀነሰ ነበር። ውኃ የሚተኛበት ዋልካ ላይ ቄጤማና አኻያ ይሻላል፤ ዝግባና ኮሶ ውኃ ለሚያሰርገው ቀይ አፈር ይቆዩ። ያደገውም መታጨድ አለበት፤ ሳይታጨድ የበሰበሰ ፊላ የያዘውን ፎስፈረስ ለጅረቱ ይመልሳል። ከፋብሪካ በታች የታጨደው ለከብት መሰጠት የለበትም።

ከሁሉም ይልቅ ሊሞከር የሚገባው ግን የድርቆሹን መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ማሠራት ነው። ከሱሉልታ ድርቆሽ ጭኖ የመጣ መኪና ሲመለስ ከከተማ በረቶች ፍግ ሊጭን ይችላል። እርጥብ እበት ከባድ ነው፣ የኪራዩን ዋጋም አያወጣም፤ ከሣርና ከገለባ ጋር ተከምሮ ጥቂት ወራት ቢብላላ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም የጥገኛ ትሎችን እንቁላልና የአረም ዘርን ይገድላል። ማጌጡ ሐምሌ ላይ እንዲያገኘው ሜዳው ላይ እስከ ግንቦት መጨረሻ መበተን ይኖርበታል፤ ሰኔ ከተጋመሰ በኋላ ዋልካው ላይ የጭነት መኪና አይገባም።